ለወዳጄ ያወራኋቸው ፊልሞች

ያን ቀን ፊልሙን ከጅራቱ አስጀመርሁት።

ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው፤ ማንም አላገዘኝም። ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ጀርባ ሻይ ቤት የነበራት ሴትዮ በጓዳዋ ቴሌቪዥንና ዴክ አስቀምጣ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ቸንክራ፣ በገበያ ቀን ቪዲዮ ታሳይ ነበር። የኛ አገር ፀሐይ እንኳን በመስኮት በግድግዳም የሚገባ ስለሚመስል ብርድ ልብሱ ድርብ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ ቪዲዮ ቤት በየከተማው የበዛበት ጊዜ ነበር። የዕለቱ ፊልም የህንድ ነው። የህንድ ፊልም ረጅም ስለሆነ በአንድ ካሴት አያልቅም፤ ሁለት ነው። የካሴቶቹ ወረቀት ደግሞ በሙቀት ተልጦ ወድቋል። ሴትዮዋ ሁለቱንም ይዛ ወደኔ መጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ አገር ያዩ ሰው ነዎት። የትኛው ነው መጀመሪያው?»

አገር ያየሁት በጭነት መኪና ነው። ሽንኩርትና ማሾ ጭኜ ጣርማ በርን ስወጣ ስወርድ ጡረታ የደረሰብኝ ሹፌር ነኝ። ቢሆንም ካሴት የሚሽከረከር ዕቃ ስለሆነ የሙያዬ ጉዳይ መሰለኝ። መነጽሬን አድርጌ አገላበጥኋቸው። የአንዱ ክር ወደ መጀመሪያው ተጠቅልሏል፤ የሌላው እስከ መጨረሻው ሄዶ ቀርቷል።

«ይሄ የተጠቀለለው ነው መጀመሪያው» ብዬ ፈረድሁ። «ለመነሳት የተዘጋጀ መኪና ነው የሚመስለው።»

ከኛ በፊት የወሰደው ሰው ክፍል አንድን አይቶ ሳይጠቀልል እንደመለሰው ማን ይንገረኝ።

እናም አክተሩን መጀመሪያ ቀበርነው። አክተር የምንለው ዋናውን ሰው ነው፤ ክፉውን ቦስ እንለዋለን። ጥቁር ጺሙ ደረቱ ድረስ የወረደ ሰውዬ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ሞተ። ቤቱ አለቀሰ። ገበያ የመጡ ገበሬዎች በፎጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ የአውቶቡስ ረዳቶች ላብ ነው ብለው ጠረጉ። የኔን ነገር ተዉት። እኔ የህንድ እናት አፏን ገና ስትከፍት ነው የምጀምረው። ሁለተኛው ካሴት ሲገባ ግን ጢም የሚባል ያልዞረበት ጎረምሳ አበባ መሃል ይዘፍናል።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አለ አንዱ።

«ልጁ ነው» አልሁ፣ እኔን የጠየቀኝ እንደሌለ እያወቅሁ። «የአባቱን ደም ሊመልስ ነው።»

«ደም የሚመልስ ሰው ምን ያስጨፍረዋል?»

«ቦሱን እያዘናጋው ነዋ።»

ቤቱ በማብራሪያዬ ረካ። ከጎኔ የተቀመጠው ወዳጄ ብቻ አልረካም። ወዳጄ ከቀወት ገጠር የሚመጣ ማሽላና ማሾ አምራች ነው፤ ማሾውን ለአዲስ አበባ ስጭንለት ተዋወቅን፤ እኔ መንዳት ካቆምሁ በኋላም ገበያ በመጣ ቁጥር አህያውን ሴትዮዋ ጓሮ አስሮ አብረን ቪዲዮ እናያለን። እሱ ሶላቱን አድርሶ ይመጣል፤ እኔ ጾሜን ጠብቄ በባዶ ሆዴ እቀመጣለሁ። ሃይማኖታችን ለየቅል ነው፤ ሱሳችን አንድ ነው።

«ያው ሰውዬ ነው እኮ» አለኝ።

«ልጁ ነው አልኩህ።»

«ወላሂ ያው ነው። ሲናገር አትሰማም እንዴ? ካሴቱን አዟዙራችሁት ነው እንጂ የሞተ ሰው አይዘፍንም።»

«ያኛው ያን የሚያህል ጺም እያለው?»

«የቱ ጺም?» አለ።

ጺሙ ቴሌቪዥኑን ሞልቶት ነበር። ከጺሙ ሌላ ያየነው ነገር ቢኖር ጥቂት ነው። ዞር ብዬ ወዳጄን አየሁት። ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አላዞረም፤ ጆሮውን ነው የሰጠው። በዚህ መሃል የአክተሩ እናት ወጣት ሆና ብቅ ስትል ነገሩ ለሁሉም ተገለጠና ቤቱ በኔ ላይ ሳቀ። ሴትዮዋ «ጋሼ ሰውየውን ገድለው አስነሱት» አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዓይኔን ግን ከወዳጄ ላይ አላነሳሁም።

ሲያልቅ በረንዳው ላይ ሻይ ይዘን ተቀመጥን።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አልሁት።

«ምኑ?»

«ጺሙ።»

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ አዞረው። «ካለፈው አጨዳ ወዲህ ባሰ» አለ። «ቀድሞ ከዳርና ከዳር ነበር የሚጠቁረው። አሁን መሃሉም ጭጋግ ሆነ። ደጅ ላይ፣ ፀሐይ ካለ፣ ሰው መሆንህን አያለሁ፤ ማን መሆንህን በድምፅህ ነው የምለየው። እዚያ ጓዳ ውስጥ ግን ድምፅ ብቻ ነው።»

«እኔኮ ባለፈው መንገድ ላይ ዘግተኸኝ ስታልፍ ኩራት መስሎኝ አኩርፌህ ነበር።»

«ማኩረፍህንም አላየሁትም። በከንቱ ደከምክ።»

«ካላየህ ታዲያ ለምን ትመጣለህ?»

«ሰው ሲስቅና ሲያለቅስ መስማት ደስ ይለኛል። ደግሞ አንተ አፍህ አያርፍም። ‹አሁን ሽጉጡን አወጣ፣ አሁን በሩን ከፈተ፣ ይሄም መሪ ያዝኩ ይላል› ስትል ያንተን እየሰማሁ እገባለሁ፣ እወጣለሁ።»

እኔ ሰው ሁሉ «ጋሼ ዝም ይበሉልን» የሚለኝ ለፍላፊ፣ ሳላውቀው የአንድ ሰው ዓይን ሆኜ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ኩራት ተሰማኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ዓይን መሆኔን ባውቅ ኖሮ እንደዚያ አልቀባጥርም ነበራ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላውን እንዳንረብሽ ጥግ ይዘን እንቀመጥ ጀመር፤ እኔም በሥራ ላይ ዋልሁ። ስለ ፊልም ያለኝ አስተያየት ሁሉ የተገኘው ከዚያ ጥግ ነው። ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ እነሆ ሳልጠየቅ እጽፈዋለሁ።

የካራቴ ፊልም ለዓይን ደስ ይላል፤ ለሚያወራው ሰው ግን መከራ ነው። «መታው፣ ዘለለ፣ መታው፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ መታው» እያልሁ ትንፋሼ ያልቃል።

«ማን ማንን?» ይለኛል ወዳጄ።

«እሱን እነሱም አጣርተው የሚያውቁት አይመስለኝም።»

አንዱን ሰው ለመምታት የመጡት ሁሉ ወፍጮ ቤት እንዳለ ሰው ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ተመትቶ ሳይወድቅ ሌላው አይገባም። እንደዚህ ያለ ሥነ ሥርዓት እኛ መናኸሪያ ቢኖር ኖሮ ማንም እግሩን አይረገጥም ነበር። ደግሞ ሁልጊዜ ምግብ ቤት ውስጥ ነው የሚጣሉት። ሾርባውን ጠጥቶ የጨረሰ ተመጋቢ አንድም ቀን አላየሁም። ይህን ለወዳጄ ስነግረው «በልቶ የሚወጣ ከሌለ ምግብ ቤቱን የከፈተው ሰው ነው የሚያሳዝነኝ» አለ። እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ባለቤቱ አስቤ አላውቅም።

የአሜሪካን ፊልም የማየው በንዴት ነው። መኪናው ነዳጅ አይቀዳም፣ ጎማው አይተነፍስም፣ ራዲያተሩ አይፈላም። የጣርማ በርን ቁልቁለት ከነጭነቱ የወረደ ሰው ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሸት ያውቃል። የነሱ አክተር ከተራራ ላይ ፍሬን በሌለው መኪና ይወርዳል፣ በዚያ ላይ ከጎኑ ካለችው ልጅ ጋር ይቀልዳል።

«በማርሽ ይያዘው እንጂ» እላለሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ወደ ከባድ ማርሽ ይመለስ። ይሄማ ሊጨርሳት ነው።»

«መኪናውን ተወውና ሰውየውን ንገረኝ» ይላል ወዳጄ። «ሞተ?»

«በዚህ አነዳድ መሞት ነበረበት።»

«ሞተ ወይ?»

«አልሞተም። እየሳቀ ነው።»

«አልሃምዱሊላህ። አንተን ግን ቅር አለህ።»

እውነቱን ነው፤ ቅር ብሎኛል።

ሲሳሳሙም ጭንቅ ነው። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ሳል የያዘው ሁሉ ያን ጊዜ ይስላል።

«ምን ሆኑ? ዝም አሉ» ይለኛል።

«ሰላም እየተባባሉ ነው።»

«ሰላምታው ረዘመ።»

«ከሩቅ አገር መጥቶ ነው።»

«በቅድሙ ፊልም ጎረቤቷ ነው ያልከኝም እንዲሁ ቆይቷል» አለኝ። ይህን ሰውዬ ማታለል አይቻልም።

አንድ ጊዜ ደግሞ የሙታን መንፈስ የሚመጣበት ፊልም አመጡ። በሩ ሲጢጥ ሲል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ፎጣዬን ፊቴ ላይ ጣልሁት።

«ምን መጣ?» አለኝ።

«እኔ እንጃ።»

«እያየህ አይደለም እንዴ?»

«ዓይኔን ሸፍኛለሁ።»

«እንግዲህ ሁለታችንም አንድ ሆንና» አለ፤ እጁንም ሰዶ ክንዴን ያዘኝ። የፈራሁት እኔ ነበርሁ፤ የሚያባብለኝ እሱ ሆነ። በፎጣው ስር ሆኜ ያሰብሁት ግን መንፈሱን አልነበረም። እኔ ስፈልግ ፎጣውን አነሳዋለሁ እያልሁ ነበር።

በዚያው ሰሞን እዚህ ጤና ጣቢያ ዓይኑን በባትሪ አይተውት «ሞራ ሊሆን ይችላል፤ ደብረ ብርሃን ውጡ» አሉት። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል። ሞራ ተገፍፎለት አህያውን ከነጠባሳዋ ያየ ዘመድ ነበረው፤ የዚያን ሰው ወሬ እየደጋገመ ይነግረኝ ጀመር። «ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ የማየው አንተን ነው» ይለኛል። «ሲያወራ የሚውለውን ሰውዬ ፊት ረስቼዋለሁ።» «ባትበራ ይሻልሃል» እለዋለሁ። ሁለታችንም ግን ቀኑን እንጠብቅ ነበር።

የቀድሞ ባልደረቦቼን ለምኜ በአንድ የሽንኩርት መኪና ጋቢና ወጣን። ለኛ ለቆለኞቹ የደጋው ብርድ ቅጣት ነው፤ እሱ ፎጣ ደርቦ፣ እኔ ያለኝን ሹራብ ሁሉ ለብሼ፣ ሁለታችንም እየተንቀጠቀጥን ሐኪሙ ፊት ቀረብን። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው። ብዙ አየው። በመሣሪያ አየው፣ በእጁ ዳሰሰው፣ ጠብታ አድርጎ ደግሞ አየው። ከዚያ ወንበሩን ወደሱ አስጠጋ። ሐኪም ወንበሩን ሲያስጠጋ ደስ አይለኝም።

«አባባ፣ ይሄ ሞራ ቢሆን ገፍፈን እናወጣልዎ ነበር» አለው። «ይሄ የዓይን ግፊት ነው። ከውስጥ ያለውን ነርቭ ጎድቶታል። የጠፋው አይመለስም። የቀረችውን ለማቆየት ጠብታ እሰጥዎታለሁ።»

«እስከ መቼ ትቆይልኛለች?»

«እሱን ልነግርዎ አልችልም።»

ሹፌር ነኝና አላስቻለኝም። «ዶክተር፣ ሌላ አይገባለትም? ከሌላ ወስዶ መቀየር የለም?»

«ይሄ አይቀየርም፣ ጋሼ።»

በሕይወቴ ያላስተካከልሁት መኪና አልነበረም ብዬ አልዋሽም፤ ነበር። ግን ቢያንስ ስሩ ገብቼ እተኛለሁ፤ የማላውቀውንም ብሎን ቢሆን እፈታለሁ፤ እጄ በቅባት ይጨማለቃል። እዚያ ክፍል ውስጥ የምገባበት ስር አልነበረም። ባርኔጣዬን ይዤ ቆምሁ። ወዳጄ «አልሃምዱሊላህ» አለና የጠብታዋን ብልቃጥ ተቀብሎ በደረት ኪሱ ከተታት።

ስንመለስ ወዳጄ በጋቢናው ውስጥ በኔና በሹፌሩ መሃል ተቀምጧል። የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ «ገባን» አለ።

ስንወጣም «ወጣን» አለ። ቀጥሎም ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ «ዓይኔ ጨለማና ብርሃን ገና ይለያል።»

ቁልቁለቱን ጀመርን። እየሞቀን ሄደ። ሹራቤን አንድ በአንድ ማውለቅ ስጀምር በእጁ ዳስሶ «ስንት ነው የለበስከው?» አለኝና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ሳይጨርስ እንዲህ አለኝ፦

«አሁን ስማኝ። ይቺ የቀረችኝ ስትሄድ፣ አንተ ውስጤ ያስቀመጥክልኝን ነው ቁጭ ብዬ የማየው። ሌላ የማየው የለኝም። ስለዚህ ዝባዝንኬ አታስገባብኝ። ያየኸውን ብቻ ንገረኝ።»

«ቀልዱስ?»

«ቀልዱን ለየብቻ አድርገው።»

ያን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሥራዬ ከበደኝ። ቀድሞ ያየሁት ባይሞላ ከራሴ እጨምር ነበር፤ አሁን የማየው ሁሉ ይጎድልብኝ ጀመር። አንድ ቀን በረዶ የለበሰ አገር መጣ።

«ምን ይመስላል?» አለኝ።

«ነጭ ነው።»

«ጨው ነጭ ነው። ጥጥም ነጭ ነው።»

«ጨውም ጥጥም አይደለም። መንገዱም፣ ጣራውም፣ ዛፉም አንድ ዓይነት ሆኗል። ሰውየው ሲሄድ ድምፅ የለውም።»

«እሱስ ገባኝ» አለ። «ለኔም ሁሉም አንድ ዓይነት እየሆነ ነው።» በነጋታው ቤቴ ሆኜ የተሻለ ነገር ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። የተወለድሁት ማሽላ በሚበስልበት አገር ነው፤ በረዶን የማውቀው እርሻ ሲመታ ብቻ ነው።

ካሴት ቀርቶ ሲዲ ሲመጣ የአማርኛ ፊልም በሽ ሆነ። እኔም ሥራ ፈታሁ።

የአማርኛ ፊልም ላይ ያለኝ ቅሬታ የግሌ ነው፤ ከጥበብ ጋር አይያያዝም። ሁሉም ሰው ትልቅ ግቢ ውስጥ ይኖራል፤ ሲከፋው ወደ መስኮት ዞሮ ጀርባውን ሰጥቶ ይናገራል፤ ጭማቂ ይቀዳለታል፣ አይጠጣውም። እነዚያ ሰዎች ሽንኩርቱን ከየት ነው የሚገዙት እያልሁ አስባለሁ። ግን ይናገራሉ። ምን እንደተሰማቸው ይናገራሉ፤ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ካደረጉት በኋላም ለጓደኛቸው ስልክ ደውለው እንደገና ይናገራሉ። ወዳጄ ፊቱ በርቶ ይሰማል፤ ከኔ ቀድሞ ይስቃል፤ ከኔ ቀድሞ ዓይኑን ይጠርጋል።

«አሁን ብድግ አለች» አልሁት አንድ ቀን።

«ዝም በልልኝ» አለኝ። «እየሰማሁ ነው።»

ሰው ሁሉ ዝም በል ሲለኝ ኖሯል፤ ከሱ አፍ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ዝም አልሁ። ተዋንያኑ ሁሉ እንጀራዬን የቀሙኝ መሰለኝ። በራሴ አፈርሁ፤ የማያይ ሰው ያለ እኔ ሲደሰት የሚከፋው ምን ዓይነት ዓይን ነው?

ወደ አህያው እየወሰድሁት ሳለ «ደስ አለህ አይደል?» አልሁት፤ ድምፄ ውስጥ ኩርፊያ እንዳለ ይታወቀኛል።

«ደስ አለኝ» አለ። «ግን ምንም አላየሁም።»

«እንዴት?»

«ሁሉን ነገሩኝ። የማየው አልተዉልኝም። አንተ ስትንተባተብ ግን የሆነ ነገር አያለሁ።»

ይህን ሙገሳ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያገኘሁት አይመስለኝም።

ጠብታዋ ያቆየችውን ያህል አቆየችው። ብርሃኑ መቼ እንዳለቀ አልነገረኝም። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠን «ደመነ?» አለኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። «ትንሽ ዳመን ብሏል» አልሁት። ያየኸውን ብቻ ንገረኝ ያለኝን ቃል ያፈረስሁት ያን ጊዜ ነው፤ እሱም ያወቀብኝ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ፊቱን ወደ ፀሐዩ ቀና አድርጎ ሙቀቱን ሲቀበል ቆየ።

ያ የመጨረሻው ፊልም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መንገደኛ ነው ያመጣው፤ ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ ተበላሽቶ ተሳፋሪው ሲጉላላ፣ አንዱ ከሻንጣው ሲዲ አውጥቶ ለሴትዮዋ «እስክንሄድ ይሄን ክፈቺልን» አላት። ቋንቋው የማናውቀው ነው። ደግሞ ቋንቋ የሚያስፈልገውም አልነበረም። አንዲት አሮጊት በአንድ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ትነሳለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ጠረጴዛ ትወለውላለች። ካራቴ የለም፣ ዘፈን የለም፣ ቦስ የለም። ሰዉ መሰልቸት ጀመረ።

«ይቺ ሴትዮ ዛሬ ትሞታለች ወይስ አትሞትም?» አለ አንዱ ረዳት።

«አንተ ቀድመሃት ትሞታለህ» አለው ጓደኛው፤ ሁለቱም ተነስተው ወጡ። ሌላውም ተከተለ። ሴትዮዋ ልታጠፋው ስትል ወዳጄ «እትዬ፣ ይተዉት እስቲ» አላት። ለሱ ስትል ተወችው። ሦስታችን ቀረን፤ ሲዲውን ያመጣው መንገደኛም ደጅ ወጥቶ አውቶቡሱን ይጠብቃል።

አሮጊቷ ወንበር ስባ በመስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ፊቷ ቴሌቪዥኑን ሞላው። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ፊልሙም ጸጥ አለ፤ ዝንብ ብቻ ይሰማል።

«ምን ታደርጋለች?» አለኝ።

«ተቀምጣለች።»

«ቆየ። ምን ታያለች?»

«አላውቅም። የምታየውን አያሳዩንም። እሷን ብቻ ነው የሚያሳዩን።»

«ፊቷስ?»

«ፊቷ...» አልሁና ቆምሁ። ዓይኗ፣ ጉንጯ፣ የግንባሯ መስመር፣ ሁሉም እዚያው ነበር፤ ሁሉንም አያለሁ። አላለቀሰችም። አልሳቀችም። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ አፍንጫዬን ሳብሁ። በህንድ ፊልም ሳለቅስ ለምን እንደማለቅስ አውቃለሁ፤ እናቲቱ ትነግረኛለች። ይቺ ምንም አልነገረችኝም።

«እያለቀስክ ነው» አለኝ።

«አይ።»

«ሰምቼሃለሁ። ምን አየህ?»

«ተቀምጣለች አልኩህ እኮ።»

«እንዴት ነው የተቀመጠችው?»

«መኪና እንደሚጠብቅ ሰው።»

«መኪና የሚጠብቅ ይቁነጠነጣል። ተቁነጠነጠች?»

«አይ።»

«እንግዲያስ አይደለም።»

«ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠች...»

«ለቅሶ ቤት ሰው አለ። እሷ ጋ ማን አለ?»

«ማንም።»

«እንግዲያስ እሱም አይደለም።»

እጁን ክንዴ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። ፊቷን እያየሁ ቃል ፈለግሁ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ያለ ማቋረጥ የለፈለፈ አፌ ደረቀ። ሹፌር ሆኜ፣ ተመልካች ሆኜ፣ ቀልደኛ ሆኜ የሰበሰብሁት ቃል ሁሉ እዚያች ሴት ፊት ላይ አልቆም አለ። በመጨረሻ መልኳ ቀስ እያለ ጠፋና ጽሑፍ መጣ። አለቀ። ደጅ አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ፤ መንገደኛው እየሮጠ ገብቶ ሲዲውን ነቅሎ ሄደ። ስሙን እንኳን አልጠየቅነውም፤ የፊልሙንም ስም።

ወዳጄ እጁን ከክንዴ ላይ አነሳ። «ተወው» አለኝ። «ዛሬ አትችልም። ስታገኘው ትነግረኛለህ። ዕዳ ነው ታዲያ፤ ቀልድ አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ የቪዲዮ ቤቱ ብርድ ልብስ ወርዷል። ሴትዮዋ ግድግዳዋ ላይ ሰፊ ቴሌቪዥን ሰቅላ ኳስ ታሳያለች፤ ጓዳው የማሾ መጋዘን ሆኗል። ያን ሲዲ በሸዋ ሮቢት ሲዲ የሚያከራይ ሁሉ ጋ ፈለግሁት። «ምን ዓይነት ፊልም ነው ጋሼ?» ሲሉኝ «አንዲት ሴትዮ የተቀመጠችበት» እላለሁ፤ ይስቃሉ። ማታ ማታ የማውቃቸውን አሮጊቶች ሁሉ በሐሳቤ መስኮት አጠገብ አስቀምጫቸዋለሁ፤ እናቴን ሳይቀር። አንዳቸውም እንደሷ አልተቀመጡልኝም።

ወዳጄ በገበያ ቀን አሁንም ይመጣል፤ አሁን በባጃጅ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሻይ እንጠጣለን፤ ስለ ማሾ ዋጋ፣ ስለ ጉልበታችን፣ ስለሞቱት እናወራለን። ኳሱን አንዳንዴ አወራለታለሁ፤ ማን ለማን እንዳቀበለ ስለማይገባኝ ይሳሳትብናል። ከዚያ ብርጭቆውን ያስቀምጣል።

«ሴትየዋስ?» ይለኛል።

«ተቀምጣለች» እለዋለሁ።

«እንዴት?»

አፌን እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ። እሱም አይቆጣኝም፤ ዱላውን አንስቶ ለአሱር ሶላት ይነሳል። ከሰው ሁሉ ጋር ሒሳቤን ጨርሻለሁ፤ ለሱ ብቻ የአንዲት ሴት ፊት አለብኝ።